ያሠለጠኑትን ሰው በግዴታ ውል ማሰር ይገባል ወይ?

ዘንባባ (ባሕር ዳር)፦
የዛሬውን ክርክር እኔ ልክፈት። ባሕር ዳር ላይ ትንሽ የሶፍትዌር ድርጅት አለኝ። ለሆቴል፣ ለክሊኒክ፣ ለኅብረት ሥራ ማኅበር ሲስተም እንሠራለን። አዲስ ተመራቂ ስቀጥር የመውጫ ፈተናውን አልፎ ነው የሚመጣው። ግን ጊት የሚባለውን የኮድ ለውጥ መመዝገቢያ ነክቶ አያውቅም፣ ሌላ ሰው የጻፈውን ኮድ አንብቦ አያውቅም። አንዱ ገና በመጀመሪያው ሳምንት የዳታቤዙን ፓስወርድ ኮዱ ውስጥ እንደተጻፈ ማንም ሊያየው የሚችል ቦታ ላይ ጫነው። አልተቆጣሁትም፤ ያስተማረው የለም። ሲኒየሩን አጠገቡ አስቀምጬ፣ የሁለቱንም ደመወዝ እየከፈልኩ፣ ለወራት አስተማርኩት። ብቻውን መሥራት ሲጀምር አዲስ አበባ ያለ ድርጅት በእጥፍ ደመወዝ ወሰደው።

ከሐምሌ 2016 ወዲህ ደግሞ ነገሩ ባሰ። የብር ምንዛሬ በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ቤቱ ተቀምጦ በዶላር የሚከፈለውን ልጅ እኔ በብር እንዴት ላስቀረው? ስለዚህ ለሁለት ዓመት የሚያሠራ የግዴታ ውል ከነዋሱ ላስፈርም አስቤያለሁ። መንግሥት መምህር ለማስተርስ ሲልክ ዋስ አስጠርቶ ያስፈርም የለ? ያስኬዳል የምትሉም፣ አያስኬድም የምትሉም፣ ምክንያታችሁን ጻፉልኝ።

የማርቆስ ልጅ፦
አያስኬድም እህቴ። እንዲህ ያለ ውል እኔ ፈርሜ አይቼዋለሁ፤ የድርጅቱን ስም አልጠራም። ወረቀቱ ላይ «ለሥልጠና የወጣ ወጪ» ተብሎ አንድ ድፍን ቁጥር ተጽፏል። ምን ሥልጠና፣ ስንት ሰዓት፣ ማን አሠለጠነኝ የሚል ነገር የለውም። እውነቱን ለመናገር ዩቲዩብ እያየሁ ራሴን ነው ያስተማርኩት። ዋሴ ደግሞ አጎቴ ነበሩ፣ የሁለተኛ ደረጃ መምህር። የተሻለ ሥራ አግኝቼ ስለቅ ደብዳቤው የሄደው እሳቸው መሥሪያ ቤት ነው፣ ከደመወዛቸው ይቆረጥልን ተብሎ። ከዚያ በኋላ እሳቸውን ቀና ብሎ ማየት ምን ያህል እንደከበደኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

ሕጉንም ተመልከቺ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ቅድሚያ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መልቀቅ እንደሚችል ይናገራል። ከማስተርስ ተማሪ ጋርም አታወዳድሪው። መምህሩ ሥራውን ትቶ ነው የሚማረው፣ ዲግሪውንም ይዞ ይመለሳል። ያንቺ ልጅ ግን እየሠራ ነው የሚማረው፤ የሠራውን ደግሞ አንቺ ለደንበኛ ትሸጪዋለሽ።

ጮቄ፦
እኔ ከዘንባባ ጋር ነኝ። ጎረቤት ያቀናውን በሬ ገዝቼ ልረስ የሚል ብቻ በሞላበት ሰፈር ወይፈን የሚያቀና ሰው አይገኝም። የትልልቆቹን ድርጅቶች የሥራ ማስታወቂያ እዩት እስኪ። «የሦስት ዓመት ልምድ ያለው» ይላል። ያንን ልምድ ማን ሰጠው? እንደ ዘንባባ ያለች፣ ኪራይና ጄኔሬተር የሚያንገዳግዳት ድርጅት ናት የሰጠችው። እሷ ምንም መያዣ ከሌላት ነገ ጁኒየር መቅጠር ታቆማለች። ያን ጊዜ የሚጎዳው ገና የሚመረቀው ልጅ ነው እንጂ ልምድ ያለውማ መች ሥራ ያጣል?

መምህር (እንጅባራ)፦
ሁለታችሁም የተነሣችሁበት ነገር ምጣኔ ሀብት ውስጥ የቆየ ክርክር ነው። በ1992 እ.ኤ.አ. ኖቤል የተሸለመው ጋሪ ቤከር ሥልጠናን ለሁለት ይከፍለዋል። አንደኛው የትም የሚያሠራ አጠቃላይ ችሎታ ነው፤ ሁለተኛው እዚያው ድርጅት ውስጥ ብቻ የሚጠቅም። ለሁለተኛው አሠሪው ይከፍላል። ለመጀመሪያው ግን የሚከፍለው ሠራተኛው ራሱ ነው ይላል፣ እየተማረ ሳለ ዝቅ ያለ ደመወዝ በመቀበል። ጊት የትም ያሠራል። የዘንባባ የክሊኒክ ሲስተም ውስጡ እንዴት እንደተሠራ ማወቅ ግን ለሷ ቤት ብቻ ነው።

በ2024 እ.ኤ.አ. የተሸለመው አሴሞግሉ ደግሞ ቀደም ሲል ከባልደረባው ጋር የጀርመን ሠልጣኞችን መረጃ ይዞ ሌላ ነገር አሳየ። አሠሪዎች አጠቃላይ ሙያም በራሳቸው ወጪ ያሠለጥናሉ፤ ምክንያቱም ያሠለጠኑትን ሰው አቅም ከሌላው አሠሪ በተሻለ ያውቁታል። እና ዘንባባ፣ ልጁ ጎበዝ መሆኑን ቀድመሽ የምታውቂው አንቺ ነሽ። ሌላው ሳይመጣ ደመወዙን ጨምረሽለት ነበር ወይ?

ዘንባባ፦
መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። አልጨመርኩም። ደንበኛ በየሦስት ወሩ እየከፈለኝ ከየት አምጥቼ ልጨምር? ጥያቄዎ ትክክል ነው፤ ግን ገንዘቡ ያለው ሰው ጥያቄ ነው።

የማርቆስ ልጅ፦
ሌላው ዓለም የሚያደርገውንም እንይ። አማዞን በ2019 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ያሉ 100,000 ሠራተኞቹን እስከ 2025 ለማሠልጠን 700 ሚሊዮን ዶላር መድቤያለሁ ብሎ ነበር። ከፕሮግራሞቹ አንዱ ሠራተኛው አማዞንን ለቆ ሌላ ቦታ ለሚሠራበት ሙያ እንኳ የትምህርት ክፍያ ይሸፍናል።

ጮቄ፦
አማዞንን ከባሕር ዳር ቀበሌ 14 ቢሮ ጋር አታወዳድር ወንድሜ። እሱ አንድ ሰው ቢሄድበት ሺህ አለው። ዘንባባ አንድ ሲኒየር ሲሄድባት ሲስተሙን የሚያውቅ ሰው አይቀራትም።

የዳንግላው አሠልጣኝ፦
ክርክሩ ኮድ ጸሐፊዎች ላይ ብቻ ቀረ፤ የቴክኒክና ሙያውንም አስታውሱት። እኔ ኔትወርክ ነው የማስተምረው። የፋይበር ገመድ መቀጠል የእጅ ሥራ ነው። ሽፋኑን ትልጣለህ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነውን መስታወት በአልኮል ትጠርጋለህ፣ ጫፉን ፍጹም ቀጥ አድርገህ ትቆርጣለህ፣ ከዚያ ነው መቀጠያው ማሽን ውስጥ የሚገባው። አቆራረጡ ትንሽ ከተንሻፈፈ መስመሩ ይዳከማል። ይህን ተማሪዎቼ የሚያውቁት ከሥዕል ነው፤ ማሽኑ የለንም። ለትብብር ሥልጠና ድርጅት ስንልካቸው ደግሞ ወረቀት ኮፒ ሲያደርጉ ይከርማሉ። ሲኦሲ የሚባለውን የሙያ ብቃት ምዘና ያልፋሉ፣ እጃቸው ግን ገመዱን አያውቀውም። እናም ለዘንባባ የምላት አለኝ። ከመቅጠርሽ በፊት፣ ገና ተማሪ ሳሉ፣ ሁለት ልጅ ተቀብለሽ እውነተኛ ሥራ ብታሠሪያቸው የምታጠፊው ጊዜ ግማሹ ይቀንስልሻል። ማን እንደሚሆንም ታያለሽ።

ጊሽ ዓባይ፦
እኔ በርቀት በዶላር ከሚሠሩት አንዷ ነበርኩ። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ዳታ ለወራት ሲዘጋ ሥራዬ ሄደ። ውጭ ያለው አሠሪ ሁለት ሳምንት ጠበቀኝ፣ ከዚያ ሌላ ሰው ተካ። ስለዚህ «በዶላር የሚሠራውን ልጅ አልችለውም» ስትዪ አዲስ አበባ የሄደብሽም ልጅ የሄደው ለገንዘብ ብቻ እንዳይመስልሽ። ኢንተርኔት ፍለጋም ነው። በሐምሌ 2016 ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ጋር የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ነፃ ነው፣ ጥሩ ነገር ነው። ዌብ፣ አንድሮይድ፣ ዳታ ሳይንስ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይሰጣል። ታናሽ እህቴም ሰርተፊኬቱን ወስዳለች። ግን ትምህርቱ በኢንተርኔት ነው፤ ገጠር ላለ ልጅ መስመሩ ካልደረሰው ነፃ መሆኑ ምን ይፈይዳል? ሰርተፊኬቱን ይዞ የሚሠራበት ቦታስ? ሰው ላይ ገንዘብ ይውጣ ስንል መስመሩና መብራቱም አብሮ ይቆጠር።

የማርቆስ ልጅ፦
የጊሽ ዓባይ ነገር ልብ ይነካል። ወደ ውሉ ልመለስና አንድ አማራጭ ላንሣ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ አሠሪዎች ከደመወዝ ወጪያቸው 1 በመቶ ለክህሎት ማሳደጊያ ይከፍላሉ፤ ያሠለጠነ ደግሞ የተወሰነውን መልሶ ይጠይቃል። ኬንያ በአንድ ሠራተኛ በወር 50 ሽልንግ ታስከፍላለች። እንዲህ ሲሆን ሳያሠለጥን ሰው የሚወስደውም ድርጅት ይከፍላል። ዘንባባ ብቻዋን አትሸከምም፣ የልጁም አጎት ዋስ አይሆንም።

ጮቄ፦
ሐሳቡን አልጠላሁትም። ግን ገንዘቡ አንዴ ከገባ ተመልሶ ባሕር ዳር መድረሱን ማን ያረጋግጥልኛል? ለማስመለስ የሚጠየቀውን ወረቀት የሚያሟላው የሂሳብ ክፍል ያለው ትልቁ ድርጅት ነው። ትንሹ ከፍሎ ይቀራል። ይህ ካልተፈታ እኔ ከውሉ አልወጣም።

መምህር (እንጅባራ)፦
ባሕር ዳር ራሷ የምታስተምረን አለ። ፖሊ ቴክኒኩ በ1955 ዓ.ም. በሶቭየት ኅብረት ትብብር ሲከፈት ከሚያስተምራቸው ሙያዎች አንዱ ጨርቃ ጨርቅ ነበር። የጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ ደግሞ እዚያው ከተማ ቀድሞ ቆሟል። ልጁ ሳይሰደድ ሙያውን የሚያውልበት ቦታ ነበረው። ዛሬ ኮምፒውተር ሳይንስ የሚያስመርቁ ዩኒቨርሲቲዎች ከባሕር ዳር እስከ ደብረ ማርቆስ አሉን፤ ተመራቂውን የሚቀበለው ሥራ ግን በዚያው ልክ አላደገም። የክልሉ መሥሪያ ቤቶች ሲስተም ሲፈልጉ ጨረታውን እዚህ ያለ ድርጅት እንዲወዳደርበት አድርገው ቢያወጡት፣ ክፍያውንም በወቅቱ ቢለቁት፣ ዘንባባ ደመወዝ ትጨምር ነበር። ውሉ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ዘንባባ፦
ሁላችሁንም አንብቤያለሁ። ጨረታው እስኪስተካከል ግን ሰኞ የሚገባ ልጅ አለኝ። እንዲህ ላድርግ። ዋስ አልጠይቅም፤ የአጎትህ ነገር አስደንግጦኛል። እየሠራ ለሚማረው ምንም አላስከፍልም። በውል የማስረው ከኪሴ ለሌላ የምከፍለውን ብቻ ነው። ለምሳሌ ሲሲኤንኤ የሚባለው የኔትወርክ ሙያ ምስክር ወረቀት ፈተና ብቻውን 300 ዶላር ነው። ደረሰኙ ከውሉ ጋር ይያያዛል፤ ዕዳውም በየወሩ እየቀነሰ በዓመቱ ያልቃል። ከዳንግላ ደግሞ ሁለት ተማሪ እቀበላለሁ። አሠልጣኙ በውስጥ መስመር ይጻፉልኝ።

የማርቆስ ልጅ፦
ይህንን እኔም እፈርመዋለሁ። አንድ ነገር ጨምሪበት። የሙከራ ጊዜውን ሲጨርስ ደመወዙ ስንት እንደሚሆን አሁኑኑ በጽሑፍ ይቀመጥ።

ዘንባባ፦
በስድስተኛው ወር ብለን እንጻፈው። ከዚያ በፊት አልችልም።

የማርቆስ ልጅ፦
ስድስት ወር ይረዝማል። አዲስ አበባዎቹ በአራተኛው ይመጡብሻል።