የቨርጂኒያ የአላርም ሥራ ልምዱን ዋሽንግተን ስቴት ያስቆጠረ አለ?

ሰላም ወገኖች፣ አንድ ነገር ቸግሮኝ ነው። ቨርጂኒያ ሳለሁ አላርምና ካሜራ እገጥም ነበር። እዚያ ቴክኒሻን የሚመዘገበው በወንጀል ፍትሕ አገልግሎት መሥሪያ ቤት በኩል ነው። ሥልጠና ትወስዳለህ፣ አሻራ ትሰጣለህ፣ ትሠራለህ። ሲያትል ስገባ ግን እንደ ጀማሪ ሆንኩ።

ዋሽንግተን ስቴት ይሄን ሥራ ከኤሌክትሪሺያን ሥራ ይቆጥረዋል። 12 ቮልት የምትሸከም ቀጭን ሽቦ ለመዘርጋትም 06 የሚሉት ሰርተፊኬት አለ። ለፈተናው ለመቀመጥ 4,000 ሰዓት የተመሰከረ ልምድ ይፈልጋሉ። እስከዚያ የሠልጣኝ ካርድ ይዞ ሰርተፊኬት ካለው ሰው ሥር መሥራት ነው። እሺ፣ ደንብ ነው።

የእኔ ጣጣ ሰዓቱ ላይ ነው። የድሮ አሠሪዬ ድርጅቱን ዘግቷል፣ ስልክም አያነሳም። እጄ ላይ ያለው ፔይ ስታብ (የደመወዝ ደረሰኝ) እና ደብሊው ቱ (አሠሪ በዓመቱ መጨረሻ የሚሰጠው የደመወዝና የግብር ወረቀት) ብቻ ነው። እሱም «ቴክኒሻን» ይላል እንጂ የጭስ ማንቂያ ልግጠም የበር ካሜራ አይናገርም።

ከሌላ ስቴት ሰዓት አምጥቶ የተቀበሉት አለ? አብሮኝ የሠራ ሰው ቢፈርምልኝስ ያስኬዳል? ወይስ ካርዱን አውጥቼ ከዜሮ ልጀምር? ብቻ «ጠበቃ ያዝ» እንዳትሉኝ፣ አቅሙ የለም።