«የሳሙና ዘይት» ያለው ሰውዬ

የልጆቼ እናት፦ ዛሬ ሸማቾች ሱቅ ወረፋ ላይ አንዱ «የምትሻሙት የሳሙና ዘይት ነው» ብሎ ሴቶቹን አንገት አስደፋቸው። ደሜ ፈላ። አምስት ልጅ ያሳደግኩት በዚሁ በሚረጋው የፓልም ዘይት ነው። ኑግ ማን ይጠላል? ዋጋው ነው እንጂ!

ነርሷ፦ እህቴ፣ ማሳፈሩ ነውር ነው። ነገሩ ግን እውነትነት አለው። ፓልም ግማሽ ያህሉ እንደ ቅቤና ሞራ የሚረጋ ስብ ነው። ጀሪካኑ ላይ «ከኮሌስትሮል ነፃ» መባሉ አያዘናጋችሁ፤ የደማችንን መጥፎ ኮሌስትሮል ከፍ የሚያደርገው ስቡ ነው።

ኬሚስቱ፦ «የሳሙና ዘይት» ማለት ምን ማለት ነው? ማንኛውም የምግብ ዘይት ከኮስቲክ ሶዳ ጋር ከተገናኘ ሳሙና ይሆናል። ሶሪያ፣ ሐለብ ከተማ ውስጥ ስንት ዘመን ከወይራ ዘይት ሲሠሩ ኖረዋል። ታዲያ ወይራም አይበላ? ፋብሪካዎች ፓልምን የሚወዱት ስለሚረክስና ሳሙናውን ስለሚያጠነክር ነው። ብስኩቱም ማርጋሪኑም ውስጥ ያው ፓልም ነው።

ነርሷ፦ እኔ መቼ የሳሙና አልኩ? ያላልኩትን አታስብለኝ።

ኬሚስቱ፦ «እውነትነት አለው» ብለሻል። ከላይ አንብቢው።

የቡሬ ልጅ፦ ስለ ሳሙና ትጨቃጨቃላችሁ! ሰሊጣችንን ሸጠን በዶላሩ የማሌዥያና የኢንዶኔዥያ ፓልም እንገዛለን። በሚያዝያ 2014 ኢንዶኔዥያ ወደ ውጭ መላክ ስትከለክል ረሳችሁት? አንድ ወር ሳይሞላ ባታነሳው ኖሮ ምን ልንሆን ነበር? ለኑግ ገበሬ ዘርና ማዳበሪያ ስጡት።

ኬሚስቱ፦ ከ1 ሄክታር ፓልም 3 ቶን ገደማ ዘይት ይገኛል። ኑግ አጠገቡም አይደርስም።

የቡሬ ልጅ፦ «አጠገቡም አይደርስም»? እናቴ ኑግ ወቅጣ ስታወጣ ሽታው ጎረቤት ይጠራ ነበር። አንተ በቶን ብቻ ትለካለህ።

የልጆቼ እናት፦ ወንድሜ፣ በኑግ ሽታ ልጅ አይጠግብም። ነርሷ፣ አንቺም ንገሪኝ፦ ጠዋት ጀሪካኑን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሬ ነው የማቀልጠው፤ የተረፈው ሽሮ ሲያድር ነጭ ሽፋን ይሠራል፤ አይቼዋለሁ። በምን ልተካው?

ነርሷ፦ ቀንሰሽ ተጠቀሚ። ለሽሮ አንድ ማንኪያ ይበቃል።

የልጆቼ እናት፦ በወር 3 ሊትር ለሰባት ሰው! ከዚህ ምኑን ልቀንስ?

ኬሚስቱ፦ ነርሷ፣ ይህን መልሺላት።

ነርሷ፦ አንተን አልጠየቀችህም።