በመጀመሪያው ዓመት ገንዘቡ የት ይሄዳል? (ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ላላችሁ)

ጠያቂ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ሰላም ለሁላችሁ። በዲቪ መጥቼ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ያረፍኩት። አሁን ዲሲ ውስጥ ፓርኪንግ ጋራዥ እሠራለሁ፤ በሰዓት 18 ዶላር፣ ቼኩ በየሁለት ሳምንቱ ይገባል። ቤዝመንት ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቻለሁ። አልጠጣም፣ ውጭ አልበላም፣ ልብስም ከመጣሁ ወዲህ አልገዛሁም። ግን ወር ሲያልቅ እጄ ላይ የሚተርፍ ነገር የለም። አንዷ ጓደኛዬ «መኪና ግዢና ኡበር ሥሪ» ትለኛለች፤ ሌላዋ «እቁብ ግቢ» ትላለች። ቤተሰብም አለ፣ ታውቁታላችሁ። የቆያችሁ ሰዎች ከየት ልጀምር?

መልስ፣ ታኮማ ፓርክ

እህቴ እንኳን ደህና መጣሽ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሺኝ።

አልጠጣም፣ ውጭ አልበላም ያልሽውን አምንሻለሁ። አዲስ ገቢ ሁሉ እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ሰው ባዶ የሚቀረው በመዝናናት አይደለም፤ ልኩ ባልታወቀ ወጪ ነው። ኪራይሽ ልክ አለው። ስልክሽ ልክ አለው። ምግብሽም ቢሆን ብዙ አይዋዥቅም። ልክ የሌለው አገር ቤት የሚላከው ነው። አንዴ 100፣ አንዴ 300፣ ወዲያው ደግሞ የአክስት ልጅ ሰርግ ይመጣል።

በመጀመሪያ እጅሽ የሚገባውን እወቂ። በሰዓት 18 ዶላር፣ 80 ሰዓት፣ 1,440 ይመጣል። ይሄ የወረቀቱ ነው። ከዚያ ላይ 7.65 ከመቶ፣ ማለትም 110 ዶላር፣ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር (ለጡረታና ለአረጋውያን ሕክምና) ይሄዳል። የፌዴራል ግብር አለ፣ የሜሪላንድና የካውንቲው ግብር አለ። ያላገባ ሰው፣ ኢንሹራንስ ካልተቆረጠበት፣ የሚደርሰው 1,150 ገደማ ነው። ከአገር ቤት ስልክ ሲደወል ግን በሐሳብሽ የምታሰይው 1,440ውን ነው።

እነሱ ጋ ደግሞ በብር ተባዝቶ ነው የሚደርሰው። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በጥቂት ሳምንት ውስጥ መቶን አለፈ። ድሮ 200 ዶላር 11 ሺህ ብር ነበር፤ አሁን ከ20 ሺህ በላይ ነው። እዚያ ያለ ሰው «ልጅቷ ደመወዟ አድጓል» ብሎ ቢያስብ አልፈርድበትም። ያንቺ ኪራይ ግን በዶላር ነው። አንድ ሳንቲም አልቀነሰም። እዚያም የጤፍና የዘይት ዋጋ አብሮ ስለወጣ ያ 20 ሺህ የድሮውን ያህል አይገዛም። ሁለታችሁም ተጎድታችኋል፤ የማትግባቡት ለዚህ ነው።

እኔ የምልሽ፣ ለቤተሰብ የምትልኪውን አንድ ቁጥር ቁረጪ። ቁጥሩ ትንሽ ይሁን፣ ግን በየወሩ አይቅር። ቀኑም አንድ ይሁን። ተቀባዩም አንድ ሰው ይሁን። እናትሽ ካሉ እሳቸው፣ ከሌሉ ታላቅ እህት። «እማዬ፣ በየወሩ በአምስተኛው ቀን ይሄን ያህል እልካለሁ። ከዚህ በላይ የለኝም። ለማን ምን እንደሚሰጥ አንቺ ታውቂያለሽ» በያቸው። ከዚያ በኋላ የአጎት ልጅ ቢደውልልሽ «እማዬን ጠይቃት» ነው መልሱ። እናቶች በዚህ ጉዳይ ከኛ የበለጠ ጨካኝ ናቸው፤ የእውነት የተቸገረውንና የለመደውን ለይተው ያውቃሉ። አንዳንዱ ይቀየማል። ይቀየም።

ለሕመምና ለለቅሶ ለብቻው ትንሽ ትንሽ አስቀምጪ፤ እሱ አይቀርም። ለሰርግና ለምረቃ ግን በመጀመሪያው ዓመት «እንኳን ደስ ያላችሁ» ይበቃል።

አላላኩም ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ በጥሬ ገንዘብ፣ በመኒ ኦርደር ወይም በካሺርስ ቼክ ወደ ውጭ በሚላክ ገንዘብ ላይ 1 ከመቶ የፌዴራል ግብር አለ። ከባንክ ሒሳብሽ ወይም እዚህ ባወጣሽው ዴቢት ካርድ ስትልኪ ግን አይነካሽም። ስለዚህ ካሽ ይዞ ሱቅ መሰለፍ ይቅር። በክሬዲት ካርድም አትላኪ፤ ብዙ ባንኮች እንደ ካሽ አድቫንስ (በካርዱ እንደተወሰደ የጥሬ ገንዘብ ብድር) ቆጥረው ከመጀመሪያዋ ቀን ወለድ ይጥሉበታል። «በሰው በኩል ይሻላል፣ ምንዛሪው ከፍ ይላል» የሚልሽም አይጠፋም። የሰው ኪስ ገብቶ የቀረ ገንዘብ ለማን እንደሚከሰስ ግን አይነግርሽም።

አሁን ስለ ቁጠባው። ቼክሽ በየሁለት ሳምንቱ ከሆነ በዓመት 26 ቼክ ነው፣ 24 አይደለም። በዓመት ሁለት ወር ላይ ሦስት ሦስት ቼክ ይገባል። ኑሮሽን በወር ሁለት ቼክ ላይ ብቻ አቁሚው። እነዚያ ሁለት ትርፍ ቼኮች ሳይነኩ ቀጥታ ወደ ቁጠባ ሒሳብ ይግቡ። ባንቺ ስሌት 2,300 ዶላር ነው። ለአንድ ዓመት አዲስ ገቢ ይሄ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ኪራይ ቢያንቀሳቅስሽ ዲፖዚት ይሆናል። በነገራችን ላይ ሜሪላንድ ውስጥ ከኦክቶበር 2024 ወዲህ አከራይ ከአንድ ወር ኪራይ በላይ ዲፖዚት መጠየቅ አይችልም፤ ደረሰኝ ተቀበዪ፣ አከራይሽ ያገር ልጅም ቢሆን።

መኪናው። ጓደኛሽ ክፉ አስባ አይደለም፤ ግን ጊዜው አይደለም። ክሬዲት (የብድር አከፋፈል ታሪክ) የሌለው ሰው በ20 ከመቶ ወለድ መኪና ሲወስድ ማየት ብርቅ አይደለም። 15,000 ዶላር በ20 ከመቶ ለአምስት ዓመት ብትወስጂ በወር 397 ዶላር ገደማ ትከፍያለሽ፤ ሲያልቅ ወደ 23,800 ይደርሳል። ያንኑ ገንዘብ በ8 ከመቶ ብታገኚው በወር 304፣ ጠቅላላው 18,250 ገደማ ነው። ልዩነቱ 5,600 ዶላር ገደማ ነው። ይሄ እንግዲህ ኢንሹራንሱ ሳይቆጠር ነው፤ እዚህ አገር የመንዳት ታሪክ ለሌለው ሰው ኢንሹራንሱ ደግሞ እሳት ነው። ኡበር ላይ ግብሩን የሚቆርጥልሽ አሠሪም የለም። ወጪሽ ተቀንሶ በሚቀረው ላይ የሶሻል ሴኩሪቲውንና የሜዲኬሩን ሁለቱንም ድርሻ፣ 15.3 ከመቶ ገደማ፣ ራስሽ ትከፍያለሽ። ብዙ ሰው ይሄን የሚያውቀው ኤፕሪል ላይ፣ የዓመቱ ግብር ሲሞላ ነው።

ከመኪናው በፊት ክሬዲት ሥሪ። 200 ዶላር አስይዘሽ ሴኩርድ ካርድ አውጪ። በወር አንድ ነገር ብቻ ግዢበት፣ የስልክ ክፍያ ይበቃል። ቢሉ ሲመጣ ሙሉውን ክፈዪ። የክሬዲት ነጥቡ ለመውጣት ቢያንስ የስድስት ወር ታሪክ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ዛሬ ጀምሪ። እስከዚያው አውቶቡስ አለልሽ፤ የሞንትጎመሪ ካውንቲው ራይድ ኦን ከ2025 አጋማሽ ጀምሮ ነጻ ነው። የምትከፍዪው ለሜትሮው ብቻ ነው።

ሁለተኛ ሥራ ከፈለግሽም አስቢበት። በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ ሲሆን አንድ ተኩል እጥፍ የሚከፈልሽ በአንድ አሠሪ ሥር ከሆነ ነው። ሁለት ቦታ 30፣ 30 ብትሠሪ 60 ሰዓት ደክመሽ ኦቨርታይም የለሽም። ስለዚህ መጀመሪያ ያለሽበት ቦታ ትርፍ ሺፍት ጠይቂ። ካልሆነ ሲኤንኤ (የነርስ ረዳትነት) ተማሪ፤ ኮርሱ አጭር ነው፣ ሥራውም አይጠፋም።

መልስ፣ አሌክሳንድሪያ

ጋሼ፣ ከእግርዎ ሥር ቁጭ ብዬ ሰማሁ፤ እቁቡን ግን ዘለሉት። ባንክ አስቀምጪ ማለት ቀላል ነው። ባንክ ያለ ገንዘብ ስልኩ ላይ ይታያል፤ የሚታይ ገንዘብ ደግሞ ይላካል። እቁብ ግን የሰው ዓይን ስላለበት ትከፍያለሽ። እኔ መጀመሪያ ቁም ነገር ላይ ያዋልኩት ገንዘብ የእቁብ ነው። እህቴ ግቢ!

መልስ፣ ታኮማ ፓርክ

እትዬ፣ እቁብን አልጠላሁም። እኔም አለሁበት። ለአዲስ ገቢ ግን ሥራው ገና ነው፤ አንድ ወር ሰዓት ቢቀንሱባት እቁቡ አይጠብቃትም። እጣ መጀመሪያ ላይ ከወጣላት ደግሞ ገንዘቡ እዳ ነው፣ ቁጠባ አይደለም። ለዚያውም ዋስ ማን ይሆናታል? ከገባችም ዳኛውን በደንብ የምታውቀው፣ አባላቱ የት እንደሚሠሩ የሚታወቅ፣ መጠኑም ከአንድ ቼክ ሩቡን የማያልፍ ይሁን። እጣውም መጨረሻ አካባቢ ቢደርሳት ደስ ይለኛል። ብዙ እቁብ ላይ እንደሚደረገው ከሌላ አባል ጋር መቀያየር ትችላለች።

መልስ፣ አሌክሳንድሪያ

በዚህስ ተስማማን። ዋሱ ላይ ልክ ነዎት።

መልስ፣ ሃያትስቪል (የሌሊት ሺፍት)

ሁላችሁም ስለ ገንዘብ ብቻ ነው የምታወሩት፤ እኔ ደግሞ ሌላ ነገር ልበል። ልጅቷ «ልብስ አልገዛሁም» ብላለች። እህቴ፣ ዊንተር ሲመጣ ጋራዥ ውስጥ ነው የምትቆሚው። ያ ኮንክሪት ብርዱን ከታች ወደ ላይ ነው የሚልከው፤ እግር ነው የሚጀምረው፣ ከዚያ ወገብ ይሆናል። ጥሩ ቡትስና የሱፍ ካልሲ ግዢ። ዋጋውን በብር አታባዢው! ስናባዛ ሁሉም ነገር የአንድ ወር ደመወዝ ይመስለናል። አንድ ቀን ታመሽ ሺፍት ብትቀሪ ከቡትሱ የበለጠ ነው የምታጪው፤ 18 በስምንት 144 ዶላር ነው።

የጤና ኢንሹራንስም አለ። አዲስ የገባ ሰው ኢንሹራንስ ገበያው ላይ ለመመዝገብ 60 ቀን አለው። ካለፈሽ የዓመቱን የምዝገባ ጊዜ ጠብቂ፣ ከኖቬምበር ጀምሮ ነው። ሥራ ቦታሽ የሚሰጥ ከሆነም ኤች አር (የሠራተኛ ጉዳይ ክፍሉን) ጠይቂ፤ ብዙዎቻችን አንጠይቅም። ለትንሽ ነገር ደግሞ ኢመርጀንሲ አትሂጂ፣ ኧርጀንት ኬር (ቀላል ሕመም የሚያይ ክሊኒክ) አለ። ሆስፒታል ከገባሽም ቢሉን አይተሽ አትደንግጪ። ሜሪላንድ ውስጥ ሆስፒታሎች ገቢው ዝቅተኛ የሆነን ሰው በነጻ ወይም በቅናሽ እንዲያክሙ ሕግ አለ። «ፋይናንሻል አሲስታንስ ፎርም ስጡኝ» ማለት ብቻ ነው። ካልጠየቅሽ ግን ቢሉ ብቻ ነው የሚመጣልሽ።

ደግሞ ሌላው፣ ዲሴምበር ላይ ከቀኑ 11 ሰዓት ሲሆን ይጨልማል። ከቤዝመንት ወጥተሽ ጋራዥ፣ ከጋራዥ ቤዝመንት ከሆነ ኑሮሽ ፀሐይ አታዪም። ያን ጊዜ ነው ሰው ማታ ማታ ስልክ ላይ ተጥዶ ሳያስበው የሚልከው፤ ናፍቆቱ ነው የሚያስልከው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሂጂ፣ ወይም ከሰው ጋር ቡና ጠጪ። ቤት ውስጥ ተዘግቶ መቆጠብ የሚባል ነገር አልገባኝም።

ጠያቂ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እማዬን ዛሬ ደወልኩላት። ትንሽ ዝም አለችና «ይሻላል፣ እኔም አፍሬ ነው እንጂ አልቻልኳቸውም» አለችኝ። ጋሼ፣ እንዳሉኝ ፔይ ስተቤን (የደመወዝ ዝርዝሬን) አወጣሁትና አየሁት። እርስዎ የሜሪላንድ ግብር ይቆረጣል ብለውኛል፤ የኔ ላይ ግን ሜሪላንድ የሚል የለም። ዲሲ ነው የሚለው። ምን ማለት ነው?

መልስ፣ ታኮማ ፓርክ

አይ ጥሩ አየሽ! ዲሲና ሜሪላንድ ስምምነት አላቸው፤ ዲሲ ሠርተሽ ሜሪላንድ ከኖርሽ የደመወዝ ግብርሽ የሜሪላንድ ነው። አሠሪሽ ያለሽበትን ስላላወቀ ለዲሲ እየላከ ነው። ነገ ኤች አር ሄደሽ ዲ-4ኤ የሚባለውን ፎርም ሙዪ፣ የዲሲ ነዋሪ አይደለሁም የሚል ነው። ከሱ ጋር የሜሪላንዱን ኤምደብሊው 507 ሙዪ።

እስካሁን ለዲሲ የሄደው አይጠፋም። ዓመቱ ሲያልቅ በዲ-40ቢ ተመላሽ ትጠይቂያለሽ። ግን ልብ በይ፤ ሜሪላንድ የራሷን ሙሉ ግብር እስከ ኤፕሪል 15 ትፈልጋለች፣ የዲሲው ተመላሽ ደግሞ ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ከትርፍ ቼኮቹ አንዱን ለዚያ ያዢው። ፎርሙን የሚሞላልሽ ሰው ካስፈለገሽ ቪታ የሚባል የአይአርኤስ (የፌዴራል ግብር መሥሪያ ቤቱ) ፕሮግራም አለ፤ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው ታክስ በነጻ ይሞላሉ። ፔይ ስተቦችሽን ሁሉ ይዘሽ ሂጂ፣ አትጣዪ።