ሳሎኔን ቲል ልቀባ ነው፤ ግን የትኛውን ቲል?

የጀሞዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው፤ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው። ስንገባ የተቀባው ክሬም ስድስት ዓመት ሆነው። ከሶፋው በላይ ሰው ጭንቅላቱን የሚያስደግፍበት ቦታ ጠቁሯል፤ በመብራት ማብሪያው ዙሪያ የልጆቼ ጣት ታትሟል። ከገና በፊት ላስቀባው ቆርጫለሁ።

የምፈልገውን ቀለም፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ መሃል ያለውን ቲልን፣ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ስሙን የሰማሁት ግን በቅርቡ ነው። ደብረ ማርቆስ የአያቴ ቤት መስኮቶች በሙሉ በዚህ ቀለም የተቀቡ ናቸው። አያቴ «አረንጓዴው መስኮት» ትላለች፣ አጎቴ «ሰማያዊው» ይላል፤ አንድም ቀን ተስማምተው አያውቁም። ባለፈው ክረምት ስሄድ ከመዝጊያው ማጠፊያ ሥር የተላጠች የጥፍር ያህል ቁራጭ በሶፍት ጠቅልዬ ይዤ መጣሁ። የመስኮቱ ፊት በፀሐይ ነጥቷል፤ ይቺ ግን ብረቱ ሸፍኗት ስለኖረ ቀለሟ እንዳለ ነው።

ቀለም ቤት ወስጄ ሳሳያቸው «ይሄ ቲል ነው» ብለው ካታሎግ ዘረጉልኝ። ቲል የሚባለው ብቻ ገጹን ሞልቶታል! አንዱ ወደ አረንጓዴ ያደላል፣ አንዱ ወደ ሰማያዊ፣ አንዱ አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል፣ አንዱ ደግሞ ወደ ጥቁር ሊገባ ምንም አልቀረው። ከቁራጯ ጋር ልክ ነው ያልኩትን ካርድ ቤት ወስጄ ግድግዳው ላይ ስይዘው ሌላ ሆነብኝ። ጠዋት አንድ ነው፣ ማታ መብራት ሲበራ ሌላ ነው።

እማዬ ደግሞ «ልጄ፣ ቤቱን ታጨልሚዋለሽ» አለችኝ። እናቴ ስለ ቤት ስትናገር ዝም ብዬ አላልፋትም፤ በአንድ ክፍል አምስት ልጅ ያሳደገች ሰው ናት፣ የብርሃንን ዋጋ ታውቃለች።

ሳሎኑ 4 ሜትር በ3 ሜትር ተኩል ነው። ዋናው መስኮት ወደ ሰሜን ነው፣ የበረንዳው በር ወደ ምዕራብ። ወለሉ ክሬም ሴራሚክ፣ ሶፋው ቡናማ፣ መጋረጃው ወርቃማ። ጥግ ላይ ረከቦቱና አያቴ የሰጠችኝ ሞሰብ አሉ። የትኛውን ቲል ትሉኛላችሁ? አራቱንም ግድግዳ ነው ወይስ አንዱን? ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁት ምክር ሁሉ «ወደ ሰሜን የሚያይ ክፍል ቀዝቃዛ ነው» ይላል፤ ለእኛስ አገር ይሠራል?

ቀቢው፦

ልጄ፣ ቤት ስቀባ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። በካርድ ብቻ አይተው ያዘዙ ሰዎች ብዙዎቹ መልሰው ጠርተውኛል፤ የሁለት ቀን ደሞዝ ባገኝበትም ደስ አይለኝም።

ቀለሙን ከመምረጥሽ በፊት ግድግዳሽን እዪው። ማታ መብራት አጥፍተሽ የስልክሽን ባትሪ ከግድግዳው ጎን አስጠግተሽ አብሪበት። ጉብታውና ጉድጓዱ ሁሉ ጥላ ይጥላል። ክሬም ይህን ይደብቅልሻል፤ ጠቆር ያለ ቲል ግን አንድም አይደብቅም፣ በተለይ ብርሃን ከጎን ሲመታው። ስለዚህ ስቱኮ ሁለት እጅ፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ፣ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ። ቀቢው «አንድ እጅ ስቱኮ ይበቃል» ካለሽ ለክሬም እውነቱን ነው፤ ለቲል አይበቃም።

ሁለተኛ፣ ደማቅና ጥልቅ ቀለም የሚደባለቀው ነጭ ዱቄቱ ጥቂት በሆነ ቤዝ፣ ማለትም ቀለሙ በሚጨመርበት መነሻ ነው። ሸፋኙ ደግሞ ያ ነጭ ነው። ለዚህ ነው ሁለት እጅ ቀብተሽም የታችኛው ክሬም የሚታይሽ። መጀመሪያ ግራጫ ፕራይመር፣ ከዋናው ቀለም ሥር የሚገባውን፣ አስቀቢ፣ ከዚያ ሁለት እጅ ቲል ይይዛል። በነጭ ላይ በቀጥታ ከሄድሽ ሦስትም አራትም እጅ ሊጠጣ ይችላል።

ለናሙና ደግሞ ካርዱን ተዪው። የጂፕሰም ቦርድ ቁራጭ ግዢ፣ 60 ሳንቲ በ60 ይሁን፤ ዙሪያውን አራት ጣት ነጭ ትተሽ መሃሉን ሁለት እጅ ቀቢ። ግድግዳው ላይ በቀጥታ አትሞክሪ፤ ዓይንሽ ከአሮጌው ክሬም ጋር እያወዳደረ ያታልልሻል። ደግሞ እርጥብ ሆኖ አይተሽ አትወስኚ፤ ፕላስቲክ ቀለም ሲደርቅ ይጠቁራል። አንድ ቀን አሳድሪው።

አራቱን ወይስ አንዱን ላልሽው፣ እኔ ብሆን ሳሎኑን አንድ ግድግዳ፣ መስኮቱ ፊት ለፊት ያለውን። መስኮቱ ያለበት ግድግዳ ብርሃን ከጀርባው ስለሆነ ቀን ለቀን ጥላ ነው፤ እሱን ቲል ብትቀቢው ጥቁር ይመስላል፣ የእናትሽም ፍርሃት እውነት ይሆናል። ፊት ለፊቱ ያለው ግን ብርሃኑን በሙሉ ይቀበላል። ስፋቱ 4 ሜትር በ2 ሜትር ከ60 ቢሆን አሥር ካሬ ገደማ ነው፤ አንድ ሊትር ለአንድ እጅ አሥር ካሬ ያህል ስለሚሄድ አንድ ጋሎን በቂሽ ነው፣ ይተርፍሻልም።

ከአሌክሳንድሪያ፦

ሰላም እህቴ፣ ከቨርጂኒያ ነኝ። ቲል ብዬ ሁለት ጊዜ ስለቀባሁ ልንገርሽ።

መጀመሪያ መኝታ ቤቴን ካርዱ ላይ ልቤን የሰረቀውን፣ ንጹሕና ብርቱ የሆነውን ቀባሁ፣ አራቱንም ግድግዳ። አልጋዬ ላይ ጋደም ስል መዋኛ ውስጥ የገባሁ ነው የመሰለኝ። ምክንያቱን በኋላ ገባኝ፤ ግድግዳዎቹ አንዱ በሌላው ላይ ቀለሙን ይመልሳሉ፣ ካርድ ላይ የነበረው ድምፅ አራት እጥፍ ይጮኻል። ነጭ አንሶላዬ ሳይቀር አረንጓዴ ሆኖ ነበር። ባለቤቴ ጠዋት መስታወት ፊት ቆሞ «ታምሜ ነው እንዴ?» ያለኝ ከልቡ ነበር፤ የፊቱን መልክ ቀይሮበታል።

ሁለተኛውን ስመርጥ ግራጫ የተቀላቀለበትን ወሰድኩ። ቤንጃሚን ሙር የሚባለው የአሜሪካ ቀለም አምራች በ2021 የዓመቱ ቀለም ብሎ የመረጠው ኤጂያን ቲል የሚባለው ነው። ካርዱ ላይ ደብዛዛ ነው፣ ጓደኛዬ «ይሄ ምኑ ቲል ነው?» ብላኝ ነበር። ግድግዳ ላይ ሲወጣ ግን ረጋ ያለ፣ የሚያሳርፍ ቲል ሆነ። ስለዚህ ከወደድሽው ካርድ አንድ ደረጃ ግራጫ ወደሆነው ውረጂ። ያንን ካታሎግ ማግኘት አያስፈልግሽም፤ ቦርድሽ ላይ ሁለቱን ጎን ለጎን ቀብተሽ እዪ።

ሌላው አምፖል ነው። እዚህ ማሸጊያው ላይ 2700 ወይም 3000 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) የሚለው ቢጫ ብርሃን አለው፤ 5000፣ 6500 የሚለው ነጭ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነው። ቲል በሁለቱ ቀለም መሃል ላይ ስለቆመ ትንሽ ግፊት ይበቃዋል፤ በቢጫው ወደ አረንጓዴ ይሄዳል፣ በነጩ ወደ ሰማያዊ። አያትሽና አጎትሽም የማይስማሙት አንዱ ጠዋት አንዱ ማታ እያየው ይሆናል።

አርክቴክቱ፦

የሰሜኑን ጥያቄ ልመልስ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ስለሆነ።

ያነበብሽው ምክር ለአውሮፓና ለአሜሪካ እውነት ነው። እዚያ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ስለሆነች የሰሜን መስኮት የሚያገኘው የሰማይ ብርሃን ነው፣ እሱም ሰማያዊነት አለው። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ከሚያዝያ መጀመሪያ ገደማ እስከ ነሐሴ ማብቂያ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው። ቢሆንም አናት ላይ ሆና ስለምታልፍ በመስኮትሽ ጠልቃ አትገባም፤ ሰኔ ላይ እንኳ ከፍታዋ 75 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ከዚያም ክረምቱ በደመና ይሸፍናታል። ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ወደ ደቡብ ወርዳ 58 ዲግሪ አካባቢ ስለምትሆን የደቡብ መስኮቶች በደንብ ያገኟታል።

ስለዚህ ሰሜን መስኮትሽ ለስላሳና ብዙ የማይለዋወጥ ብርሃን ይሰጥሻል፣ ለቲል መጥፎ አይደለም። በእኛ ከተማ ይበልጥ የሚያስጨንቀው ምሥራቅና ምዕራብ ነው። የበረንዳሽ በር ምዕራብ ከሆነ ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ፀሐይ በአግድም ትገባለች። ቦርድሽን በዚያ ሰዓት ካላየሽው አልመረጥሽም።

ከሞሰቡ ጋር አትጨነቂ። ከቲል ትይዩ የሚቆመው ቀለም ብርቱካናማና ቀላ ያለ ቡናማ ነው፤ ስንደዶው፣ እንጨቱ፣ መዳቡ ከፊቱ ሲቀመጥ ይደምቃል። ጀበና ግን ጥቁር ስለሆነ ግድግዳው በጣም ከጠቆረ ይጠፋበታል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ስለምወደው ነው። ቲል የትንሽ ዳክዬ ስም ነው፤ ወንዱ ከዓይኑ ጀምሮ ወደ ኋላ የሚሄድ አረንጓዴ ሰፊ መስመር አለው። የአውሮፓ ቅዝቃዜ ሲመጣ እኛ አገር ሐይቆች ድረስ ይወርዳል።

የሦስት ልጆች አባት፦

ያልተነሳ ነገር፦ ልጆች ካሉ ጭራሽ የማያበራውን ማት አትቀቢ። ጥቁር ማት ላይ የቦርሳ ጭረት ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ በጨርቅ ስትፈትጊው ደግሞ ያ ቦታ ብቻ ያበራል። ትንሽ የሚያብረቀርቀውን ሳቲን ውሰጂ። ከአራት ዓመት በፊት ይህን የነገረኝ ሰው ቢኖር ኮሪደሬን በድጋሚ አላስቀባም ነበር።

የጀሞዋ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ፤ ዛሬ ስላለቀ ልንገራችሁ።

ሁለት ቦርድ ቀባሁ። አንዱ ቀለም ቤት «ልክ የቁራጭሽ ነው» ያሉኝ፣ ሌላው በግራጫና በአረንጓዴ አንድ ደረጃ የወረደው። ለአምስት ቀን በጠዋት፣ በቀትር፣ ከቀኑ 10 ሰዓት እና ማታ ከሶፋው ጀርባ እያቆምኩ አየኋቸው። በ10 ሰዓት የምዕራቡ ፀሐይ ሲገባ የመጀመሪያው ቦርድ ጮኸ፤ ዓይኔን አነሳሁ። ሁለተኛው እዚያው ረጋ ብሎ ቆመ። ማታ ግን ሁለቱም የመድኃኒት ቤት ሰማያዊ ሆኑብኝ። አምፖሉን ነቅዬ አየሁት፣ 6500 ይላል። ባለ 3000 ገዝቼ ስቀይረው ሁለተኛው ቦርድ የአያቴ መስኮት ሆነ። ቁራጯን አምጥቼ ቦርዱ ላይ ሳስቀምጣት ጠርዟ ጠፋ፤ በጣቴ እየዳበስኩ ነው ያለችበትን ያወቅሁት። አለቀስኩ፣ ለምን እንደሆነ ይገባችኋል።

ጋሼ እንዳሉኝ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ ብቻ አስቀባሁ፤ ሌሎቹን ወደ ቢጫ የሚያደላ ነጭ። ስቱኮ ሁለት እጅ፣ ግራጫ ፕራይመር፣ ሁለት እጅ ሳቲን ቲል። የቀጠርኩት ልጅ ፕራይመሩን «ምን ያደርጋል?» ብሎ ተከራክሮኝ ነበር፤ ሁለተኛው እጅ ሲሸፍንለት ዝም አለ። መኝታ ቤቱንም አስቤ ነበር፣ ለጊዜው ትቼዋለሁ፤ ከአሌክሳንድሪያዋ እህቴ ታሪክ በኋላ ልቤ ፈራ።

እማዬ እሑድ መጣች። ቡና አፍልቼ ረከቦቱን ግድግዳው ፊት ዘረጋሁ። ብዙ አልተናገረችም፤ ሁለተኛውን ሲኒ ስትቀበለኝ «የእማማ መስኮት» አለች። ከዚያ መጋረጃው ወርቃማ መሆኑን እንደማትወደው ነገረችኝ፣ እሱን አስብበታለሁ።

ጋሼ፣ አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፦ ከጋሎኑ ሩብ ያህል ተርፎኛል። ለጥምቀት ደብረ ማርቆስ ስሄድ ይዤው ብሄድ ለአያቴ መስኮት ይሆናል?

ቀቢው፦

እሰይ ልጄ፣ እንኳን አማረልሽ። ለመስኮቱ ግን አትውሰጂው። ያንቺ ውኃ ያለው የውስጥ ፕላስቲክ ነው፤ ከውጭ ዝናብና ፀሐይ የሚመታውን እንጨት አይችልም፣ በአሮጌ ቅባት ቀለም ላይም አይጣበቅም፣ ይላጣል። ቅባት ቀለም ይደባለቅልሽ፤ ቦርድሽን ይዘሽ ሂጂና በሱ ያመሳስሉልሽ።

መስኮቱን ስታዘጋጁ ደግሞ አሮጌውን ቀለም በደረቁ አትፈግፍጉት። የድሮ ቅባት ቀለም ውስጥ ሊድ፣ መርዛማው እርሳስ፣ ሊኖር ይችላል፤ አሁን በመንግሥት ደንብ ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) እንዳይበልጥ ተወስኗል፣ ያን ጊዜ ግን የሚጠይቅ አልነበረም። እንጨቱን በውኃ እያረጠባችሁ ፈግፍጉ፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ ልጆቹ ከግቢው ይውጡ፣ ፍርፋሪውን ሸራ ላይ ሰብስባችሁ አስወግዱ። ያቺንም ቁራጭ ልጆች በማይደርሱበት በክዳን ዕቃ አስቀምጫት። ማጠፊያዎቹን ነቅላችሁ ቀቡ፤ ከሥራቸው ያለው የድሮ ቀለም ሳይነካ ይቆይ ካላችሁ ግን እዚያው ተዉዋቸው።