የገዳይነት ዘረመል ያለው ባክቴሪያ ዓሣውን የማይገድለው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ከአንድ እርባታ ከታመሙ ዓሦች ኩላሊት ስድስት ባክቴሪያዎችን ለይተናል። የባዮኬሚካል መለያው ሁሉንም «ኤድዋርድሲየላ ታርዳ» ይላቸዋል፤ በፒሲአርም (የተፈለገን ዘረመል አባዝቶ በሚያሳይ ምርመራ) ስድስቱም የሦስተኛው ዓይነት የፕሮቲን ማስተላለፊያ ሥርዓት፣ ማለትም ባክቴሪያው ፕሮቲኖቹን ወደ ዓሣው ሕዋስ የሚያስገባበት መርፌ መሰል መሣሪያ፣ ዘረመሎች ተገኝተውባቸዋል። ሆኖም በ37 ዲግሪ አብቅለን፣ ውኃው 18 ዲግሪ በሆነ ገንዳ ያሉ ዓሦችን ስንወጋቸው አንድም አልሞተም። ስሕተታችን የት ላይ ይሆን?

መልስ (አባል 1)፦ ፒሲአር የሚነግርዎት ዘረመሉ መኖሩን እንጂ መሥራቱን አይደለም። በዓሣ ላይ በሽታ የሚያመጣው ኤድዋርድሲየላ የሙቀት መጠንን የሚለየው በሽፋኑ ላይ ባለው ፎኪው በተባለ ፕሮቲን ነው፤ እርሱ ፎፒን ያነቃል፣ ፎፒ ደግሞ ኢኤስአርቢ የተባለውን ተቆጣጣሪ ያስነሣል፣ በዚህም የሦስተኛውና ተመሳሳይ ሥራ ያለው የስድስተኛው ዓይነት ማስተላለፊያዎች ሥራ ይጀምራሉ። ይህ ሰንሰለት የሚሠራው ከ23 እስከ 35 ዲግሪ ባለው ሙቀት ሲሆን፣ በ20 ዲግሪና ከዚያ በታች ወይም በ37 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይታፈናል። እናንተ ባክቴሪያውን በላይኛው ወሰን አብቅላችሁ ከታችኛው በታች ወዳለ ውኃ አስገብታችሁታል፤ ስለዚህ ውጤቱ አያስደንቀኝም። በ28 ዲግሪ አብቅሉት፤ የገንዳውንም ሙቀት የዓሣው ዝርያ እስከቻለ ድረስ በሽታው ወደታየበት የእርባታ ሙቀት አቅርቡት። ብረት የበዛበት ማብቀያም ፉር በተባለ ፕሮቲን በኩል የስድስተኛውን ዓይነት ማስተላለፊያ ስለሚያፍን፣ የምትጠቀሙበትን ማብቀያ ብትፈትሹት መልካም ነው።

መልስ (አባል 2)፦ ስሙንም አትመኑ። በ2013 ከዓሣ የተለዩ ብዙ «ታርዳዎች» ኤድዋርድሲየላ ፒሲሲዳ ተብለው ራሱን የቻለ ዝርያ ሆነዋል፤ በ2015 ደግሞ ኤድዋርድሲየላ አንጉዪላረም ተጨምሯል። የባዮኬሚካል መለያዎች እነዚህን አይለዩም፤ የባክቴሪያ ዝርያን ለመለየት የሚያገለግለው የ16ኤስ ዘረመል ቅደም ተከተላቸውም እጅግ ተቀራራቢ ነው። ዝርያዎቹን በተሻለ የሚለየውን የጋይሬዝ ቢ ዘረመል ቅደም ተከተል አስነብቡ። ስድስቱም ከአንድ እርባታ የመጡ በመሆናቸው የአንድ ዘር ቅጂዎች ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ ስለ ዝርያው ብዝኃነት ከእነርሱ ብቻ መደምደም አይቻልም።

መልስ (አባል 3)፦ በላቦራቶሪ ውስጥ በተደጋጋሚ የተሸጋገረ ባክቴሪያ በሽታ የማምጣት አቅሙ ሊዳከም ይችላል። ከዓሣው እንደወጣ በግሊሰሮል በ80 ዲግሪ ከዜሮ በታች ያቆያችሁት ካለ ሙከራውን ከእርሱ ጀምሩ።

ጠያቂ፦ ከመጀመሪያው ማብቀል የቀረ ክምችት አለን። ለሙከራው አንዱን ቡድን በ18፣ ሌላውን በ28 ዲግሪ ይዘን፣ ባክቴሪያ ያልተወጉ ዓሦችንም በሁለቱም ሙቀት ለማነጻጸሪያ እናስቀምጣለን፤ የጋይሬዝ ቢ ምርመራውም ጎን ለጎን ይሄዳል።