ኦርኬስትራ በቲኬት ይኖራል እንዴ?

ቼሎ_ተሸካሚው፦
ሰላም ወገን እንዴት ናችሁ፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ። እዚህ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አስራ አንድ ሆነን ቅዳሜ ቅዳሜ ኮሚናሉ ውስጥ እንለማመዳለን፣ ስድስት ቫዮሊን ሁለት ቪዮላ ሁለት ቼሎ አንድ ኮንትራባስ (ከሰው የሚበልጠው ትልቁ ባለ ክር መሳሪያ)፣ ግማሾቻችን ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የተማርን ነን የቀሩት ቸርች ውስጥ የለመዱ ናቸው፣ ኦርኬስትራ ብሎ ለመጥራት ድፍረት ይጠይቃል ግን እኛ እንደዛ ነው የምንለው። ችግሩ ያው ብር ነው። ባለፈው አዳራሽ ተከራይተን በ200 ብር ቲኬት ኮንሰርት አዘጋጀን፣ ስልሳ ምናምን ሰው መጣ፣ ከዛ ውስጥ አርባው የኛው እናትና አክስት ነው፣ የአዳራሹን፣ የጄኔሬተሩን ናፍጣና ትራንስፖርቱን ከፍለን የተረፈው ለአንድ ቼሎ ክር እንኳን አልበቃም (ክሩ ደግሞ እንደልብ አይገኝም፣ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ መለመን ነው፣ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ብር ሲረክስማ ዋጋውን ባልነግራችሁ ይሻላል)። ኮንትራባሱ ለብቻው የአንድ ቤተሰብ ወጪ አለው፣ ከሳሪስ ታክሲ ስንይዝ ረዳቱ የሁለት ሰው ያስከፍላል፣ ዝናብ ከሆነ የሶስት፣ አንዱማ "ሬሳ ነው እንዴ?" ብሎ አልጭንም አለን።

ስፖንሰር ፍለጋም ዞረናል። አንድ ድርጅት ሄደን የማርኬቲንግ ሃላፊዋ ፕሮፖዛሉን አገላብጣ አገላብጣ "ዘፋኙ ማነው?" አለች፣ ዘፋኝ የለውም ስንላት "እና ሰው ምን ሊያይ ይመጣል?" መልስ አጣን። ሌላው አለም ያሉት ሰማንያ ዘጠና ሰው የያዙ ኦርኬስትራዎች በምንድነው የሚኖሩት? እኛስ በምን እንኑር?

የድሮ_ሳክስ፦
ልጄ በኛ አገር በቲኬት የኖረ ኦርኬስትራ እኔ አላውቅም። ከመጀመሪያው ጀምር፣ ራስ ተፈሪ በ1916 ኢየሩሳሌም ሄደው ያመጧቸውን አርባ የአርመን ልጆች፣ ያ ኬቮርክ ናልባንዲያን የመራውን ባንድ ማለቴ ነው፣ ማን ነበር የሚቀልባቸው? ቤተ መንግስት። ከዛ ክብር ዘበኛ መጣ፣ ፖሊስ መጣ፣ ጦር ሰራዊት መጣ። ሙዚቀኛው ማዕረግ ያለው ወታደር ነው፣ ደሞዙ የወር ነው፣ ልብሱም መሳሪያውም የመንግስት ነው፣ ሰው መጣ አልመጣ ጠዋት ልምምድ አለ። ዛሬ ብሄራዊ ቴአትር የምትሉት፣ ያኔ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተብሎ በ1948 የተከፈተው፣ ሙዚቀኞቹን በደሞዝ ነው የያዛቸው። እኔም ሃያ ሁለት ዓመት ሳክስ የነፋሁት እንደዛው በደሞዝ ነው፣ ስለ ቲኬት ሽያጭ አንድ ቀን አስቤ አላውቅም። ስለዚህ ከቲኬት ምንም አልተረፈንም ብላችሁ አትፈሩ፣ ያጣችሁት ተመልካች ሳይሆን ቀላቢ ነው።

ኢኮ_አራተኛ_ዓመት፦
ጋሼ ልክ ናቸው፣ እንደውም ነገሩ ስም አለው፣ የባውሞል በሽታ ይሉታል። ባውሞልና ቦወን የሚባሉ አሜሪካውያን በፈረንጆቹ 1966 ያመጡት ሃሳብ ነው። ጫማ ፋብሪካ ማሽን ሲቀይር በአስር ሰው ያሰራ የነበረውን በሁለት ሰው ያሰራል፣ የቤትሆቨን ኳርቴት ግን ያኔም አራት ሰው ነው ዛሬም አራት ሰው ነው፣ ፈጠን ፈጠን ብላችሁ በግማሽ ጊዜ አትጨርሱትም። ደሞዛችሁ ግን ከጫማ ሰራተኛው ጋር አብሮ ማደግ አለበት፣ አለዚያ ጫማ ፋብሪካ ትገባላችሁ። ወጪው ሁሌ ከገቢው ቀድሞ ይሮጣል ማለት ነው።

ይሄን ክፍተት ማን ይሙላው ነው እንግዲህ ጥያቄው። ጀርመን ወደ 130 ኦርኬስትራዎች በዋናነት ከክልልና ከከተማ በጀት ነው የሚተዳደሩት። አሜሪካ መንግስት ብዙም አይገባበትም፣ ሃብታሙ ይለግሳል፣ ልገሳው ታክስ ከሚከፍልበት ገቢ ይቀነስለታል፣ ትልልቆቹ ደግሞ ዋናውን ሳይነኩ በወለዱ የሚኖሩበት ገንዘብ አላቸው፣ እንደዛም ሆኖ ፊላደልፊያን የሚያክል ኦርኬስትራ በፈረንጆቹ 2011 ከስሬያለሁ ብሎ ፍርድ ቤት ገብቷል።

ቋሚ ስፖንሰር አገኘን ብላችሁ እንዳትዘሉ ደግሞ ቤትሆቨንን አስታውሱ። በፈረንጆቹ 1809 ሶስት መሳፍንት ከቪየና እንዳይሄድባቸው በዓመት 4,000 ፍሎሪን ሊከፍሉት ፈረሙለት። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ኦስትሪያ ገንዘቧ ረከሰ፣ አንደኛው ልዑል ከፈረስ ወድቆ ሞተ፣ ሌላኛው ከሰረ፣ ሰውዬው ገንዘቡን ለማግኘት የሟቹን ወራሾች ሲከስ ነበር። ታሪኩን ሳነበው የኛ ሰፈር መስሎኝ ነበር።

አቃቂ_ዘ_ቢስ፦
በናታችሁ ቤትሆቨንን ተዉትና ሰርግ ስሩ። አራታችሁ ብቻ ሙሽሮቹ ሲገቡ አስር ደቂቃ ተጫወቱ፣ ኪሳችሁ ይሞላል። የሚያሳፍር ነገር የለውም፣ ለንደን ሲምፎኒ እንኳን ከፈረንጆቹ 1904 ጀምሮ የራሳቸው የተጫዋቾቹ ንብረት ሆኖ በፊልም ሙዚቃ ቀረጻ ብዙ ብር ይሰራል። ኮንትራባሱን ግን ሰርግ ቤት ይዛችሁ አትሂዱ።

የኮዬ_እናት፦
እኔ ሙዚቀኛ አይደለሁም፣ ኮዬ ፈጬ ነው የምኖረው፣ ልጄን ቫዮሊን ለማስተማር በሳምንት ሁለት ቀን መሃል ከተማ አመላልሳታለሁ። ሰው ለሙዚቃ አይከፍልም ትላላችሁ፣ ለልጁ ግን ይከፍላል! እኔ ለትምህርቱ ከምከፍለው ለታክሲ የማወጣው ይበልጣል እኮ። ቱሉ ዲምቱ የሚያስተምር ሰው እንዳለ ባውቅ ኖሮ ዛሬ ልጄ የት በደረሰች።

ስለ ኪንሻሳ ኦርኬስትራ በቲቪ አይቼ ነበር፣ አርማንድ ዲያንጊየንዳ የሚባል ፓይለት የነበረ ሰው ነው በፈረንጆቹ 1994 የመሰረተው። አያቱ ከመሰረቱት ቤተክርስቲያን ሰዎች ሰብስቦ ነው የጀመረው፣ ጥቂት ቫዮሊን ነበራቸው አንዱ ሲጨርስ ለሌላው እያቀበለ በተራ ይማሩ ነበር፣ ክር ሲበጠስ የሳይክል ፍሬን ሽቦ ይቀጥሉበት ነበር። ናይሮቢ ደግሞ ኮሮጎቾ ቆሻሻ መጣያው አጠገብ ልጆች የሚያስተምሩ አሉ፣ ሳፋሪኮም የጃዝ ፌስቲቫሉን ገቢ ሲሰጣቸው ነበር። ድርጅቱም ቢሆን ዘፋኙ ማነው ሲላችሁ "ዘፋኝ የለንም፣ አርባ ልጅ አለን" በሉት እስቲ፣ ያኔ ሌላ ወሬ ይሆናል።

አቃቂ_ዘ_ቢስ፦
ልክ ነሽ እህቴ፣ ግን እኔ ያየሁት ልንገራችሁ፣ ጓደኞቼ እንደዛ ጀምረው አሁን ሰባቱንም ቀን ዶ ሬ ሚ ሲያስተምሩ ነው የሚውሉት፣ እራሳቸው ከተለማመዱ ሁለት ዓመት ሆናቸው።

የድሮ_ሳክስ፦
እሱማ አለ። ቀን ወስኑ፣ ጠዋት ለልጆች ከሰዓት ለራሳችሁ፣ ከሰዓቷን ለማንም አትስጡ፣ ለሰርግም ቢሆን።

ቼሎ_ተሸካሚው፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ጋሼ ቀላቢ ያሏት ነገር አልወጣልኝ አለች። ትናንት ከልምምድ በኋላ የእድሩን ሊቀመንበር አናገርኳቸው፣ ኮሚናሉ ውስጥ የእድሩ ድንኳንና ወንበር ነው የሚቀመጠው፣ ለቅሶ ሲኖር ልምምዳችን እየተቋረጠ ሁሌ በሆዳችን እናማቸው ነበር። ለልጆች ቅዳሜ ጠዋት ልናስተምር ነው ስላቸው ስለ ሙዚቃው አንድም አልጠየቁኝም፣ "ወንበሩን ተጠቀሙ፣ ስትጨርሱ ደርድራችሁ ውጡ፣ ለቅሶ ከመጣ ግን ትለቃላችሁ" አሉ። ከዛ ጥግ የቆመውን ኮንትራባስ አይተው "ይሄን ነገር በየሳምንቱ ለምን ታንገላቱታላችሁ፣ ከድንኳኑ ጋር እዚሁ ይደር፣ ቁልፉ እኔ ጋ ነው" አይሉኝም! የታክሲው የሁለት ሰው ሂሳብ ቀረልን ማለት ነው።

ክፍያውን ገና አልወሰንንም፣ የማይችል ቤተሰብ እንዳይቀር ግማሾቹን በነጻ ለመያዝ እያሰብን ነው፣ ሰርጉንም በወር አንዴ እንሞክረዋለን። የኮዬ እናት ልጅቷን ቅዳሜ 3 ሰዓት ይዘሻት ነይ። አንደኛዋ ቪዮላችን ደግሞ ወልዳለች፣ ቪዮላ የሚጫወት ካለ ከሰዓት 8 ሰዓት ይምጣ፣ ክር ግን የራሱን ይዞ።