ተማሪዎቼ የሳይንስ ሥራ በተግባር ምን እንደሚመስል እንዲገባቸው ምን ላድርግ?

መምህርት ከምዕራብ ጎጃም

ሰላም ለሁላችሁም። የ10ኛ ክፍል ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ረዘም ስለሚል ታገሡኝ።

በቅርቡ ተማሪዎቼን «ሥራ ላይ ያለ ሳይንቲስት ሳሉልኝ» አልኳቸው። የመጣው ነጭ ጋዋን፣ መነጽር፣ የሚጨስ ጠርሙስ እና ፀጉሩ የቆመ ፈረንጅ ነው። ሴት የሳሉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ማሳ ውስጥ ቆሞ የሚመዘግብ ወይም ከባልደረባው ጋር የሚከራከር ሰው የሳለ ግን አንድም የለም። የኛ ልጆች ብቻ እንዳልሆኑ አውቃለሁ። ዴቪድ ቻምበርስ የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው ጥናት ከ4,800 በላይ ልጆችን እንዲህ አስሏቸው፣ ሴት ሳይንቲስት የሳሉት 28 ብቻ ነበሩ፤ 28ቱም ሴቶች ልጆች።

ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ ግን ከሥዕሉ ቀጥሎ ያለው ነው። ምልከታ፣ ጥያቄ፣ መላምት፣ ሙከራ፣ ድምዳሜ የሚለውን በቃላቸው ይወጡታል። «ከመላምት ቀጥሎ የቱ ይመጣል?» ሲባሉ የሚስት የለም። «እሺ፣ ይሄን ነገር በምን አወቅነው?» ስላቸው ግን ክፍሉ ዝም ይላል። መጽሐፉ ላይ ስላለ ነዋ! እኔም ብሆን ከዲግሪ መመረቂያ ጽሑፌ ውጭ ምርምር የሚሠራበት ቦታ ገብቼ አላውቅም፤ ያላየሁትን ምን ብዬ ላሳያቸው?

ክፍሌ ውስጥ ከ60 በላይ ተማሪ አለ። የሚሠራ ማይክሮስኮፕ አንድ ነው፣ ኬሚካል የለም ማለት ይቻላል። በዚህ ሁኔታ ላይ ሆናችሁ የሞከራችሁት ነገር ካለ ንገሩኝ።

የጤፍ ማሳ

እህቴ፣ ጥያቄሽ ደስ ይላል። እኔ የጤፍ ማሻሻያ ምርምር ላይ በረዳትነት ሠርቻለሁ፣ ስለዚህ ከማውቀው ልነሳ።

ልጆቹ ጤፍን ያውቃሉ፤ ቁንጮ የሚባለውንም ዝርያ አብዛኛው የገበሬ ልጅ ያውቀዋል። ቁንጮ እንዴት መጣ ብለሽ ጠይቂያቸው። ለረጅም ጊዜ ጤፍን ማዳቀል አይቻልም ተብሎ ይታሰብ ነበር። አበባው በዓይን ለማየት እንኳ የሚያስቸግር ነው፣ ወንዴውም ሴቴውም እዛው አንድ አበባ ውስጥ ነው ያሉት፣ ራሱን በራሱ ያዳቅላል። ስለዚህ ተመራማሪዎች የሚችሉት ከገበሬው ዘር ጥሩ ጥሩውን መምረጥ ብቻ ነበር። በ1970ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ታረቀ በርሄ የተባሉት ተመራማሪ አበባው በማለዳ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት አካባቢ፣ ለአጭር ጊዜ እንደሚከፈት ደረሱበት። ይሄ ነው በሩን የከፈተው። አዲስ መሣሪያ አልመጣም፤ በትክክለኛው ሰዓት እዛ የተገኘ ዓይን ነው።

ሥራው ደግሞ እንዲህ ነው። ሦስቱን የወንዴ ክፍሎች አበባው ሳይከፈት በፊት በቀጭን ወረንጦ በማይክሮስኮፕ እያዩ ያወጧቸዋል። ጠዋት ከሌላው ዝርያ የአበባ ዱቄት አምጥተው ይነካኩታል። እጅ ከተንቀጠቀጠ አበባው አለቀ። ከዚያ ዘሩን መዝራት፣ ልጁ እውነት ዲቃላ ነው ወይስ ራሱን አዳቅሎ ነው ብሎ ማጣራት፣ ከዚያ ትውልድ በትውልድ ላይ እየዘሩ መምረጥ። ለቁንጮ የተዳቀሉት ሁለት ዝርያዎች ናቸው፤ አንዱ ምርቱ ጥሩ ሆኖ ንጣቱ ገበያ ላይ የማይወደድ፣ ሌላው ማኛ፣ ነጭ ሆኖ ምርቱ ዝቅ ያለ። ዝርያው የተለቀቀው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው። የአበባው ሰዓት ከታወቀ ከሰላሳ ዓመት በኋላ ማለት ነው!

ልጆቹ ይሄን ሲሰሙ «ሙከራ» የምትለዋ አንዲት ቃል ውስጥ ስንት ክረምት እንዳለ ይገባቸዋል። አንቺ ምዕራብ ጎጃም ከሆንሽ ደግሞ አዴት የግብርና ምርምር ማዕከል ቅርብሽ ነው። በትምህርት ቤቱ ማህተም ደብዳቤ ጽፈሽ ጠይቂ። የመስክ ቀን ሲያዘጋጁ ገበሬ ይጋብዛሉ፤ መምህርና ተማሪ የማይጋበዝበት ምክንያት አይታየኝም።

ጥቁር ሰሌዳ

ሐሳቡን አልቃወምም፣ ግን እውነቱን እንነጋገር። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። ስም ጠርተህ፣ ያለፈውን ከልሰህ፣ የቀረህ ግማሹ ነው። ላብራቶሪ ያለበት ትምህርት ቤት ውስጥ እንኳ ዕቃ ቢሰበር ተጠያቂው መምህሩ ስለሆነ ፈርሞ የሚያወጣ የለም። መጽሐፉን ሳልጨርስ ከቀረሁ የሚጎዳው 12ኛ ክፍል ላይ የሚፈተነው ልጅ ነው። የጤፍ አበባን ታሪክ ፈተና ላይ አያገኘውም።

አንድ ነገር ግን ልጨምር፣ ምክንያቱም ጉዳዩ እኔንም ያንገበግበኛል። በ1990ዎቹ መጨረሻ (በእኛ አቆጣጠር) የመጣውን የፕላዝማ፣ ማለትም በቴሌቪዥን የሚሰጠውን ትምህርት የምታስታውሱ አላችሁ። ስክሪኑ ላይ ያለችው መምህርት ሁለት ፈሳሽ ትቀላቅላለች፣ ቀለሙ ይቀየራል፣ አለቀ። አንድም ቀን ሳይቀየር ቀርቶ አላየንም። አንድም ቀን «ይሄ ለምን ሆነ?» ብላ ቆማ አላሰበችም። እኛም ሰሌዳ ላይ የምናደርገው ያንኑ ነው፤ የተጠናቀቀውን እንነግራቸዋለን። ስለዚህ ልጁ ሳይንስ ማለት መልሱን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው የሚሠራው ሥራ ነው ብሎ ቢያስብ ጥፋቱ የሱ አይደለም። ችግሩን አያለሁ፤ ጊዜው ከየት ይምጣ ነው የኔ ጥያቄ።

ከሜሪላንድ

እኔ እዚህ አሜሪካ የዶክትሬት ተማሪ ነኝ፣ ሞለኪውላር ባዮሎጂ። ስለ ጉብኝቱ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ።

ሰው ሳይንቲስት አጠገብ ስለዋለ ብቻ ሳይንስ አይገባውም። በዚህ ላይ በደንብ የሚታወቅ ጥናት አለ፣ በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ። ጎበዝ የሚባሉ አሥር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ለ8 ሳምንት እውነተኛ ላብራቶሪ ውስጥ ከተመራማሪዎች ጋር አሠሯቸው። በመጨረሻ አብረዋቸው የሠሩት ሳይንቲስቶች «በደንብ ገብቷቸዋል» አሉ። ልጆቹ ራሳቸው ሲጠየቁ ግን ስለ ሳይንስ ምንነት የነበራቸው አመለካከት የአብዛኞቹ ንቅንቅ አላለም። ከአሥሩ ጉልህ ለውጥ የታየባት አንዲት ልጅ ናት፤ እሷም የምትሠራውን ቆም ብላ ታሰላስል ነበር። ሌሎቹ መለካቱን፣ ማሽን መያዙን ተማሩ። ይሄ መረጃ ምን ያሳያል፣ ምንስ አያሳይም የሚለውን ግን ማንም ቁጭ ብሎ አላወራቸውም።

እኔ በግሌ ነገሩ የገባኝ በላብራቶሪያችን ሳምንታዊ ስብሰባ ነው። ውጤትህን ይዘህ ትቆማለህ፣ የሌሎቹ ሥራ ቀዳዳውን መፈለግ ነው። «ማነጻጸሪያህ የታለ?» «ይሄ በሌላ ምክንያት ሊመጣ አይችልም?» «ስንቴ ደገምከው?» መጀመሪያ ስድብ ይመስላል። እኛ ታላቅን መሞገት ነውር ነው እየተባልን ነው ያደግነው፣ እዚህ ፕሮፌሰሩን ራሱን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ይሞግተዋል፤ እሱም አመስግኖ ማስታወሻ ይይዛል። በኔ እምነት ተማሪዎቻችን ከማይክሮስኮፑ በፊት ያጡት ይሄንን ነው፤ ለዚህ ደግሞ ዕቃ አያስፈልግም።

ጊዜውንም በተመለከተ፣ አርዲ የተባለችውን ጥንታዊ የሰው ዘር ዘመድ አስቡ። አፋር ውስጥ አራሚስ ላይ የአጽሟ ቁርጥራጭ መገኘት የጀመረው በ1994 እ.ኤ.አ. ነው። አጥንቱ ሲነኩት ይፈርስ ስለነበር ተጠግኖ፣ ተጠንቶ የታተመው በ2009 ነው፤ በአንድ ጊዜ 11 ጽሑፍ፣ 47 ጸሐፊዎች። 15 ዓመት! ተማሪ ግን የሚያገኘው «አርዲ 4.4 ሚሊዮን ዓመቷ ነው» የምትል አንድ መስመር ነው።

ጤና መኮንን

ጥቁር ሰሌዳ፣ ጊዜ ከየት ይምጣ ላልከው፦ ታሪኩን መሃል ላይ አቁመው። እኔ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን ሳሠለጥን እንዲህ ነው የማደርገው፣ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ቢልሃርዝያ በባዮሎጂ ትምህርት መነሳቱ ስለማይቀር ከመጽሐፉም አትወጣም።

አክሊሉ ለማ የተባሉት ተመራማሪ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እያጠኑ ነበር። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ። እዚህ ላይ አቁም። «ምን ገደላቸው?» በል። ልጆቹ እንዶድ ይላሉ። «እንዴት እርግጠኛ ሆናችሁ? እድፉ ቢሆንስ? ውሃው መረበሹ ቢሆንስ? ከላይ ሞተው ወርደው ቢሆንስ?» በል። እንዴት እንደሚለዩት እነሱ ይንገሩህ። ከዚያ አክሊሉ ያደረጉትን ተናገር፤ በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች ሰብስበው የእንዶዱን አረፋ ጨመሩባቸው፣ ሞቱ። ሴቶቹ እንዶድን ስንት ዘመን ሲጠቀሙበት ኖረዋል፤ እውቀቱ ከነሱ ነው የተነሳው፣ ይሄንንም ልጆቹ እንዲያዩት እፈልጋለሁ።

ከዚያ ሁለተኛውን ማቆሚያ። «አሁን ሥራው አለቀ?» አላለቀም። የትኛው የእንዶድ ዓይነት ይበልጥ ይገድላል? የአክሊሉ ባልደረባ ለገሠ ወልደዮሐንስ ከየቦታው ሰብስበው፣ ዘርተው፣ አወዳድረው ኢ-44 የተባለውን መረጡ። ዓሣ ይገድላል? ሰውን ይጎዳል? ዓለም አቀፍ ተቋማት በደረጃቸው የተሠራ የመርዛማነት ጥናት ካልመጣ አንቀበልም አሉ፣ ለዚያ የሚሆን ገንዘብና ላብራቶሪ ደግሞ እዚህ አልነበረም። ዓመታት ሄዱ። ሁለቱ ሰዎች ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ያገኙት በ1989 ነው። ተማሪዎቹ እዚህ ላይ ይናደዳሉ። ይናደዱ፤ ግን «ለሰው የሚጠጣ ውሃ ውስጥ የሚገባ ነገር ምን ያህል መፈተን አለበት?» ብለህ ስትመልስባቸው ክፍሉ ለሁለት ይከፈላል፣ ክርክሩም የእውነት ይሆናል። እኔ ራሴ ጥንቃቄው ተገቢ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ያበሳጨኝ ደረጃውን የጠየቁት ሰዎች ጥናቱን ለማሠራት እጃቸውን ለመዘርጋት የወሰደባቸው ጊዜ ነው።

መምህርት ከምዕራብ ጎጃም

እንዴት ደስ እንዳለኝ! እንዶዱን በሚቀጥለው ሳምንት አደርገዋለሁ። ግን ከሜሪላንድ የጻፍከው ወንድሜ፣ ያንን «ማነጻጸሪያህ የታለ» የሚለውን ክርክር ልጆቹ በራሳቸው መረጃ ላይ እንዲያደርጉት ብፈልግስ? የኔ ልጆች ተቃራኒ ሐሳብ ስጠይቃቸው መሬት መሬት ነው የሚያዩት፣ በተለይ ሴቶቹ።

ሰማያዊ ደብተር

እኔ ልመልስልሽ፣ እኔም መምህር ነኝ፣ 9ኛ ክፍል።

ስንዴ፣ ጨርቅ፣ ውሃ እና የገበታ ጨው። ለእያንዳንዱ ቡድን እኩል ቁጥር ያለው ዘር ትሰጫለሽ፤ አንዱ በንጹህ ውሃ፣ ሌላው ትንሽ ጨው ባለው፣ ሌላው ብዙ ጨው ባለው። በየቀኑ የበቀለውን ይቆጥራሉ። ቀላል ነው፣ ሁሉም የሚያውቀው ነው የሚመስለው። ግን አንድ ዓይነት ውሃ የተሰጣቸው ሁለት ቡድኖች ቁጥራቸው ሊገጥም አይችልም! ለምን? አንደኛው ቡድን ያበጠውን ሁሉ «በቅሏል» ብሎ ቆጥሯል፤ ሌላው ሥሩ ካልወጣ አይቆጥርም። የጠፋ ዘር አለ፣ የሻገተ አለ፤ የሻገተው ከድምሩ ይውጣ ወይስ ይግባ? እዚህ ጋ ዝም በይ። መልሱን አትስጪ። እኔ ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ ዝም የምትል ልጅ ናት «መጀመሪያ መብቀል ማለት ምን እንደሆነ እንስማማና እንደገና እንቁጠር» ያለችው። እንዲህ ዓይነት ልጅ የምትናገረው ክርክሩ ስለ ሰው ሳይሆን ስለ ዘሩ ሲሆን ነው፤ ማንንም እየተቃወመች አይመስላትም።

የማይክሮስኮፕ ወረፋ የለም፣ ዕቃ ማስፈረም የለም። መቁጠሩ ከክፍለ ጊዜው በፊት አምስት ደቂቃ ነው። ክርክሩ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ይበላል፣ አዎ። የምሰጠው ግን ጨው ዘርን እንዳይበቅል ይከለክላል የሚለው ከመጽሐፉ ምዕራፍ ጋር በሚገናኝበት ሳምንት ስለሆነ ከዕቅዴ አልወጣም። ደብተራቸው ላይ የሰረዙትን እንዳይፍቁት፣ በአንድ መስመር ብቻ ሰርዘው አዲሱን አጠገቡ እንዲጽፉ አዛቸዋለሁ። ንጹህ ደብተር የሚወደው ወላጅ መጀመሪያ ቅር ይለዋል፣ በስብሰባ ላይ አስረዳለሁ።

ጥቁር ሰሌዳ

ይሄኛው ይሠራል። በሴሚስተር አንዴ ከሆነ እኔም እገባበታለሁ። የቁጥሩን ሰንጠረዥ ሰሌዳ ላይ የምትጽፈው በቡድን ስም ነው ወይስ ያለ ስም?

ሰማያዊ ደብተር

በቁጥር ብቻ፣ ያለ ስም። በስም ከሆነ ጎበዝ የሚባለው ቡድን ቁጥር ትክክል ነው ተብሎ ይታለፋል።

የጤፍ ማሳ

መምህርት፣ አንድ ልጨምርና ልሂድ። ሐምሌ የተዘራ ጤፍ መስከረም ላይ ማበብ ስለሚጀምር ትምህርት ሲከፈት ይደርስልሻል። ሰዓቱን አትንገሪያቸው። በቡድን ከፍለሽ፣ አጉሊ መነጽር ካገኘሽ እሱን አስይዘሽ፣ አንዱን ቡድን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ ሌላውን ሦስት ሰዓት፣ ሌላውን እኩለ ቀን ላይ ላኪ። ያዩትንም ያላዩትንም ከነሰዓቱና ከነአየሩ ሁኔታ ይመዝግቡ። ዘለላው ከላይ ወደ ታች ስለሚያብብ በየቀኑ የት እንደደረሰ ምልክት ያድርጉበት። የማሳውን ባለቤት ግን ከወዲሁ ጠይቂው፤ ጤፍ ከተረገጠ አይነሳም፣ ስለዚህ ዳር ዳሩን ብቻ እንዲቆሙ ቃል ግቢለት።